ወደ ጩኸት የሚሮጥ ከተማ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው ከማለዳ ጀምሮ ጭስ በጭስ ነው። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በዚህች ቀን ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን የማያነድ የለም፤ እኛም ስናጥን አረፈድን። አራት ሰዓት ላይ ከቤታችን ዝቅ ብሎ የተለኮሰን እሳት ነፋስ ገፋውና ከአጥር ሥር የተከመረ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያዘ። የቤቱ እመቤት «ኡኡ! የሰው ያለህ!» አለች።

እሳቱ በጥቂት ባልዲ ውኃ ጠፋ። ያስቸገረው ሰዉ ነው። ከላይም ከታችም የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጥቶ ያቺን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ መንገድ ሞላት። ጀሪካን የተሸከሙት ልጆች መሀል ቀሩ። ከግቢው መውጣት የፈለገች ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ሊያድኗት በመጡት ሰዎች ታግዳ በሩ ላይ ቆመች። ማንን ትወቅሳለህ? በላስታ እሪታ የሰማ ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል፤ ያልሮጠ ሲታማ ይኖራል። ጩኸታችን ሁሉ «ና» ነው። «ሂድ፣ ራቅ» የሚል ጩኸት አልተማርንም።

ነገሩን ማስታወሻ ላይ ያሰፈርኩት የተሰጠኝ ሥራ ስላለ ነው። ገና ከመድረሱ በፊት የላሊበላን የማምለጫ መንገዶችና የመሰብሰቢያ ቦታዎች ካርታ ከትምህርት ቤታችን ክበብ ተማሪዎች ጋር እንድሠራ የበዓሉ ኮሚቴ ጠይቆኛል። የጂኦግራፊ መምህር ሲባሉ ሁሉም ሰው ካርታ ያለ ድካም የሚወጣቸው ይመስለዋል።

ማታ ሬዲዮ ዘግቼ ያሰብኩት ግን ካርታውን ሳይሆን የጎፋን ነገር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተናዶ ሰው ቀበረ። ጎረቤት የተቀበሩትን ሊያወጣ አካፋና እጁን ይዞ ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው ያኔ ነው። ከ200 በላይ ሰው ካለቀበት ከዚያ አደጋ ብዙዎቹ ሊረዱ የሮጡ ነበሩ። እዚያም ጩኸቱ «ና» ብሎ ነበር።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ገበያ። ተማሪዎቹን ቅዳሜ መሰብሰብ ስለማይቻል እኔው ዞርኩ።

ከላሊበላ የሚያወጡት የመኪና መንገዶች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወደ ደቡብ በሹምሸሃ አየር ማረፊያ በኩል ጋሸና የሚያደርሰው 64 ኪሎ ሜትር፤ በኩልመስክና በድልብ አድርጎ ወልድያ የሚወርደው፤ በቢልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚሄደው። ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቢሰመሩ ያምራሉ። አንዲት ገሾ ሻጭ እናት ወረቀቴን ገልበጥ አድርገው አዩና «መምህር፣ የፍየል መንገዱን የት አደረግኸው?» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። ሐምሌ 29 ቀን 2013 የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ሲይዙ፣ ኅዳር 22 ቀን 2014 የመንግሥት ጦር ሲመልሳት፣ ታኅሣሥ 3 ዳግም ስትያዝና በዚያው ወር እንደገና ስትመለስ፣ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ የመኪናው መንገድ ጦር የሚመጣበት እንጂ ሰው የሚሸሽበት አልነበረም። ሰዉ የሄደው በእግር ነው። በአሸተን ማርያም ጎን ሽቅብ ወደ አቡነ ዮሴፍ ጥግ፣ ወይም ቁልቁል በየሸንተረሩ ወደ ዘመዱ መንደር። ገሾ ሻጯ እናት ሦስት ልጆችና አንዲት በግ ይዘው ሌሊት ነው የወጡት። ልጆቹን ስለ ጫማ እንጂ ስለ አቅጣጫ አላስጨነቋቸውም፤ በዓመት ሁለቴ ለክርስትናና ለተዝካር የሚመላለሱበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ካርታው ላይ የእግር መንገዱ ይገባል። የሰዉ የመጀመሪያ መጠለያ ደግሞ ዘመድ ነው። በዚያ ዓመት ደሴ ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሲሞሉ፣ ደብረ ብርሃን ካምፕ ሲቆም፣ ከዚያ የሚበልጠው ሰው በየዘመዱና በየወዳጁ ቤት ተጠግቶ ነበር። ድንኳን ያልተተከለለት፣ መዝገብ ያልያዘው መጠለያ። እቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን አያይም፣ ምክንያቱም ሰሌዳ የለውም። ዘመድ የሌለው ማነው ብሎ መጠየቅ ይቀላል፤ ካምፕ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የአብነት ተማሪ፣ ተሳላሚ።

ሌላም ነገር ተነሣ። መብራት ለወራት ጠፍቶ ወፍጮ ሲቆም፣ የቧንቧ ውኃ ሲቀር፣ ሰዉ ወደ ምንጭ ተመለሰ። እንግዲህ መጠለያ የሚሆን ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንጩ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል የሚለውን ይሁን። አዳራሽ ያምራል፤ አዳራሽ ግን አይጠጣም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ልጆቹ የኳስ ሜዳውን በገመድ ለኩ። 100 በ60 ገደማ፣ ማለት 6,000 ካሬ ሜትር። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመሪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ጣራ ሥር ያለ ቦታ ይላል፤ አካፈሉት፤ 1,714 ሰው። ደስ አላቸው። ከዚያ መንገዱ፣ ማብሰያው፣ መጸዳጃው፣ በድንኳን መካከል የሚተወው የእሳት ክፍተት ሁሉ ሲታሰብ ያው መመሪያ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር እንደሚል ነገርኳቸው። 133 ሰው። ክፍሉ ዝም አለ።

ለአንድ ሌሊት ከሆነ በመጀመሪያው ቁጥር እንሂድ ብለን ቀጠልን። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፤ ለ1,714 ሰው 25,710 ሊትር፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ1,285 በላይ። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፤ 86 ያህል። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ ከተማው ውስጥ በሙሉ 86 ሽንት ቤት አለ ወይ?» ተሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አባቷ ሆቴል ቤት ስለሚሠሩ እየቆጠረች ነበር።

አንዱ ደግሞ መጸዳጃው የሴትና የወንድ ተብሎ ካልተለየና ማታ መብራት ከሌለው እናቱ እንደማትሄድ ተናገረ። መመሪያው ይህንን በረጅም አንቀጽ ይለዋል፤ ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ዛሬ በቃሬዛ ሙከራ አደረግን። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ውጭ ባለ የድንጋይ ቦይ ውስጥ፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደን። የእድሩን ቃሬዛ አመጣን። ሁለት ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሀሉ በጠፍር የተወጠረ፣ አገር ሰው በሽተኛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚደርስበት ያው ነው። ሰው ልንጥልበት ስላልደፈርን ግማሽ ኩንታል ገብስ አስተኛንበት። ገብሱን ማን እንደሚያስፈጨው ሲጨቃጨቁ ትንሽ ጊዜ ሄደ።

አራት ጎረምሶች ተሸከሙ። ቀጥታው ላይ ችግር የለም። ቦዩ በሚታጠፍበት ቦታ ግን የፊቱ አጣና የወዲያውን ግድግዳ፣ የኋላው የወዲህኛውን መታና ቆመ። ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ ሲያዘነብሉ፣ ከፍ ሲያደርጉ፣ ገብሱ ተንሸራቶ የኋለኛው ልጅ ደረት ላይ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ከኋላ የተከተሉት ተማሪዎች ግር ብለው ተጠግተው ስለነበር ልጁ ወደ ኋላም መራቅ አልቻለም። ማንም ሳይነግራቸው የግፊያን ትምህርት ተማሩ።

ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር። «እስቲ ልጆቼ፣ አጣናውን ተዉት» አሉና ጋቢያቸውን አወለቁ። አራቱን ጫፍ ቋጠሩ፤ ገብሱን መሀሉ አስቀመጡ፤ ሁለት ሰው ቋጠሮውን በትከሻ አደረገ፤ አንድ ሰው ከሥር በእጁ ደገፈ። ማጠፊያውን እንደ ውኃ አለፉት። ሽማግሌው ይህን የተማሩት በ77 ድርቅ ጊዜ ሰው ተሸክመው ገደል ሲወጡ ነው።

ስለ ምልክትም ተነጋገርን። ሌላ አገር ቢሆን በየግድግዳው አረንጓዴ ቀስት ይለጠፋል፤ መውጫው በጨለማ ያበራል። እዚህ ግን ዩኔስኮ በ1970 የመዘገበው ድንጋይ ነው፤ ሚስማር አይመታበትም፤ ቀለም አይቀባበትም። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውን ሲኦል የሚሉትን ጨለማ ዋሻ ደግሞ ተሳላሚው ሆነ ብሎ ያለ መብራት ነው የሚያልፈው፤ ትርጉሙ እሱ ነው፤ መብራት እናስገባ ብንል ማንም አይሰማንም። ስለዚህ ምልክቱ ሰው ይሁን አልን። ነጭ የለበሰ፣ መቋሚያ የያዘ፣ በየማጠፊያው የሚቆም ዲያቆን። ሕዝቡ ለወታደር የማይታዘዘውን ለዲያቆን ይታዘዛል፤ ቢያንስ በገና ሌሊት።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

በዓታ ለማርያም። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ፤ ስለ ደወል ላማክራቸው። ያለ ሰዓቱ ደወል ሲደወል ሕዝቡ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይመጣላ» አሉ፤ «ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«እኔ የምፈልገው ደወል ሲሰማ የሚሄድበትን ነው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልጄ፣ ሰው ሲፈራ ወደ እግዚአብሔር ቤት ነው የሚሮጠው። አንተ ከእግዚአብሔር ቤት ውጣ ልትለው ነው?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በዚህች ቀን ከተማዋ ዳግም ስትያዝ፣ ባለፈው ዓመት በጥቅምት 2016 ደግሞ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲሆን፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የተጠጋ ሰው ነበር። ቋጥኙ ጥይት አያሳልፍም፤ ልቡም ያርፋል። ወደ ዋሻ መሸሽ ደግሞ በዚህ አገር የቆየ ነገር ነው። እኔ ግን ያነሣሁት የዘረትን ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 በመንዝ ከጣሊያን ጦር የሸሹ አርበኞች ከነሴቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸውና ከነሽማግሌዎቻቸው ዘረት ዋሻ ገቡ። ከበባው በረታ፤ ጠላት የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። ዋሻው ለጥይት ጥሩ ከለላ ነበር፤ ለጋዙ ግን መውጫ አልነበረውም። አጥንታቸው እዚያው ቀርቶ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው አጥኚዎች ያገኙት።

መሪጌታ አማተቡ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አመጡ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ሂዱ» የሚባልበት ሰዓት አለ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ዲያቆኑ ሕዝቡን ያሰናብታል፤ ያንን የሰማ ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይጮኽበት ይወጣል። ሕፃን ሳለ የለመደው ነው። «ቃሉን ለግርግር ልትጠቀምበት አልፈቅድም» አሉ፣ ጣታቸውን አንሥተው፤ «ድምፁን ግን እሰጥሃለሁ።» የሚያሰናብተው ዲያቆን ራሱ፣ በዚያው በረጋ ዜማ፣ በአማርኛ «ሕዝበ ክርስቲያን፣ ቀስ እያላችሁ በዚህ በር» ቢል ይሻላል ማለታቸው ነው።

የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ስፈልግ የሰነበትኩት ሰውዬ የማይጮኽ አገኘሁ። ደወሉ ዝም እንዲል ተስማማን፤ የእድሩም ጥሩምባ እንዲሁ። ጥሩምባ ከተነፋ ሰፈሩ ሁሉ «ማን ሞተ?» ብሎ ይወርዳል።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ

የሚገድለው ምን እንደሆነ ለልጆቹ ማስረዳት ከባድ ነው። ሁሉም ስለ እሳትና ስለ ጥይት ያወራሉ። በበዓል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሰውን የሚገድለው ሰው ነው፤ የተጨናነቀ ደረት አየር አያገኝም።

መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ፣ በኢሬቻ፣ ግርግር ተነሥቶ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ሕዝቡ ወደ አንድ ጎን ሸሸ፤ የሸሸበት ገደላማ ቦይ ነበር። በመንግሥት መግለጫ 55 ሰው ሞተ፤ ሌሎች ከዚያ በብዙ ይበልጣል ይላሉ። ጥር 11 ቀን 2012 ጎንደር፣ በባሕረ ጥምቀቱ፣ ሰው የተጫነበት የእንጨት መቀመጫ ተናደና ቢያንስ 10 ሰው ሄደ። በእስራኤል ሜሮን ተራራ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 በሃይማኖት በዓል ላይ ሕዝቡ በጠባብ፣ ቁልቁል፣ በሚያንሸራትት መተላለፊያ ሲወጣ የፊቶቹ ወደቁ፤ የኋላዎቹ አላዩም፤ 45 ሞቱ። የሜሮንን ሥዕል ሳሳያቸው አንዱ ተማሪ «ይሄማ የእኛ ቦይ ነው» አለ። እኔም አፌን ይዤ ነበር ያየሁት።

እስከ ዛሬ የተጨነቅነው በቦዩ ውስጥ ስላለው ሰው ነው። ዛሬ ከላይ ቆሜ ሳየው ግን የባሰው ጠርዙ ነው። በገና ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዜማ ሲዜም ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሕዝቡ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከታችም ከላይም ይሞላል። ከላይ ያለው ሰው ዓይኑ ታች ነው፤ ከኋላው ያለው ደግሞ እሱን ማየት ይፈልጋል። ቤተ ጊዮርጊስ ዘንድ ሂዱና ቁሙ፤ ከ10 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ አጥር የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ስለዚህ ግፊያ የሚጀምረው ላይ ከሆነ የሚወድቀው ታች ነው፤ ታች ያለው ደግሞ ባለ አንድ መውጫ ነው።

መውጫ ላይ ያለው የሰው ጠባይ እንዲህ ነው፦ በመጣበት በር ይመለሳል። ሌላ ቅርብ በር ቢኖር እንኳ። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ግቢ በዋሻው አልፎ ወደ ቤተ ማርያም የገባ ሰው ሁሉ በዚያው ዋሻ ልመለስ ይላል፤ ከወዲያ የሚመጣውም በዚያው ይገባል፤ ከዚያ ሁለቱ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ካርታችን ላይ ትልቁን ቀለም የያዘው ይህ ነጥብ ነው። በሌሊቱ ሁሉ ያ ዋሻ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን ብለን ጻፍን። ለኮሚቴው ስናቀርብ አንድ ሽማግሌ «አባቶቻችን ስምንት መቶ ዓመት ሲገቡበትና ሲወጡበት ኖረዋል» አሉ። እውነት ነው፤ ግን አባቶቻችን በአውቶቡስ አልመጡም።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ሌሊት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከሰሞኑ ሁሉ የበረታ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ መውረዳቸውን በስልክ ነገሩን። ከአፋርና ከኦሮሚያ 80 ሺህ ያህል ሰው እየተነሣ ነው ተብሏል። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ጠዋት የክበቡ ልጆች ሳልጠራቸው መጡ። «ቲቸር፣ እዚህ ቢሆንስ?» መሬት መንቀጥቀጥ ለወሎ እንግዳ አይደለም። በ1953 በካራ ቆሬ የተነሣው ማጀቴን አፍርሷታል። እኛም ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሩቅ አይደለንም።

ሙሉ ሥራችን የተናጋው በዚህ ነው። ለተኩስ ከለላ የሚሆነው ቋጥኝ ለመንቀጥቀጥ የመጨረሻው ቦታ ነው፤ ለመንቀጥቀጥ የሚሻለው ገላጣ ሜዳ ለተኩስ የመጨረሻው ነው። ለበረዶና ለመብረቅ ደግሞ ሜዳውም አይሆንም። አንዱን ቦታ ቀለም ቀብቶ «መጠለያ» ብሎ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው። ከምን የሚጠልል? ካርታውን ቀድደን ሦስት አደረግነው። ከአንዱ ይልቅ ሦስቱ ይበልጥ ግራ ያጋባሉ የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው፤ ስለዚህ ለሕዝቡ አይለጠፉም፤ በየማጠፊያው የሚቆሙት ዲያቆናትና የሰፈር ወጣቶች ይያዟቸው።

በ2000 በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ የቆሙት የብረት ጣራዎችም ተነሡ። ከዝናብ ሊከላከሉ የተሠሩ ናቸው፤ በ2011 መጀመሪያ ግን ነዋሪው ነፋስ ጥሎ ያወድምብናል ብሎ ሰልፍ ወጥቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው እናግዛለን ብለዋል። ጣራው እስካለ ድረስ የጣራው እግሮች ባሉበት ዙሪያ ሰው እንዳይሰበሰብ ምልክት አደረግን። የሚጠልለው ራሱ የሚያሰጋ ሲሆን ምን ይባላል?

የተገኘው ጥሩ ነገር ገላጣ ቦታ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በተሠራው የቱሪዝም ፕሮጀክት ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ተነሥተው ኩራኩር ሰፍረዋል። የተነሡት ሰዎች ቅሬታ አላቸው፤ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ራቀባቸው፤ እኔም ቢሆን ያን ሁሉ ሕዝብ ከአጥቢያው መንቀልን በልቤ አልደገፍኩትም። የለቀቁት መሬት ግን ዛሬ ለከተማዋ ብቸኛው መተንፈሻ ነው። ያንን ቦታ ለገና ሰሞን የሻማና የነጠላ መሸጫ ዳስ እየበላው ነው። ዳስ የሚተክሉት ደግሞ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ቱሪስት በቀረበት ዘመን ከገና ገበያ ሌላ ገቢ የላቸውም። ዳሶቹ አይነሡ፣ በመሀላቸው ግን ሰፋ ያለ መንገድ ይተው ብዬ ለመንኩ። ለመንኩ ነው የምለው፤ የማዘዝ ሥልጣን የለኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

እንቅልፍ የለኝም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ከሰሞኑ ጀምሮ ተሳላሚው በእግርም በመኪናም ሲገባ ነበር። በሶውን በአገልግል ይዞ፣ ሕፃኑን አዝሎ። የከተማው ወጣቶች በየመግቢያው በርሜል ውኃና ሳፋ ይዘው እግር ያጥባሉ፤ ንፍሮና ዳቦ ያቀርባሉ፤ ማረፊያ ያሳያሉ። አንዲት ከጎጃም የመጡ አሮጊት እግራቸውን ለማታውቃቸው ልጅ ሰጥተው ሲያለቅሱ አየሁ። እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነበር፤ በየመግቢያው የቆመ ተቀባይ፣ የውኃ ነጥብ፣ የምግብ መስመር፣ ማደሪያ የሚመድብ ሰው፣ የጠፋ ልጅ የሚጠብቅበት ድንኳን። ከተማዋ ከራሷ ሕዝብ የሚበልጥ እንግዳ በየዓመቱ ታስተናግዳለች። መመሪያ ሳትገዛ። ስንሠራው የሰነበትነውን የመጠለያ እቅድ ወጣቶቹ በልምድ ያውቁታል፤ ዝርዝሩን ከእነሱ መጠየቅ ሲገባኝ ስፊርን ስገለብጥ ነበር።

ሌሊቱ በአብዛኛው በሰላም ሄደ። ዋሻው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጸና፤ ከዚያ ከወዲያ በኩል ብዙ ሰው ሲመጣ ሁለቱ ዲያቆናት አልቻሉትም። የዋሻው አፍ ላይ መጠጋጋት ጀመረ። ጠርዝ ላይ ከነበሩት አንዲት እናት ራሳቸውን ሳቱና ልጃቸው ጮኸች። የሆነው የፈራሁት ነው፤ በዙሪያው ያለ ሁሉ ወደ ጩኸቱ ዞሮ ተጠጋ።

ያኔ የመሪጌታው ዲያቆን ድምፁን አሰማ። በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በገዛ ጉሮሮው፣ በዚያው በማሰናበቻው ዜማ፤ «ምእመናን፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።» ሰዉ ወደ ኋላ ሲል አየሁ። ሁሉም አይደለም፤ ከቅርቡ ያለው ሰላሳ አርባ ሰው ያህል። በቂ ነበር። ጋቢ ተዘረጋ፤ ተቋጠረ፤ ሁለት ጎረምሶች አነሡ። አንደኛው ኅዳር ላይ ገብስ ደረቱ ላይ የወደቀበት ልጅ ነው። እናትየው በላይኛው መንገድ በኩል ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ተሰጡ፤ ውኃ ጥምና ድካም ነው ተባለ፤ ከቀትር በፊት ተመልሰው ቤተ ማርያምን ተሳልመዋል።

ዳሶቹ መሀል የተተወው መንገድ ጠቀመ። ግን ጠዋት ላይ ሳየው ሁለት ሰዎች ሻይ አፍልተውበት ነበር።

ጥር 5፣ ሰኞ

የግምገማ ስብሰባ። ለጥምቀት ስድስት ቀን ቀርቶናል፤ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ መንገድ ይወርዳል፤ በቀጣዩ ቀን በዚያው ይመለሳል። አጀንዳው ረጅም ነበር፤ የድምፅ ማጉያ፣ የመብራት ማመንጫ ነዳጅ፣ የዲያቆናቱ ቁጥር። ዲያቆናቱ ከሁለት ወደ ስድስት ከፍ ይበሉ ተባለና ያለ ክርክር አለፈ።

ክርክር የነበረው በአንድ ጓጉንቸር ላይ ነው። ከኳስ ሜዳው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ከኋላ በኩል ሁለተኛ በር አለው፤ ሰው ከወረደበት አቀበቱን ሳይነካ ወደ ምንጩ የሚያደርስ። ግቢው በካርታችን ላይ ለመንቀጥቀጥም ለበረዶም ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ያንን የሚያሰኘው ደግሞ ያ በር ነው። በሩ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ያለው ዘበኛ ዘንድ ነው፤ ዘበኛው የሚያድረው ከከተማው ውጭ ነው።

አንዱ ቁልፉ ይባዛና ለሦስት ሰው ይሰጥ አለ። ሌላው ሦስት ሰው ዘንድ ያለ ቁልፍ ማንም ዘንድ የለም አለ። እኔ ጓጉንቸሩ ተነሥቶ በውስጥ መወርወሪያ ይተካ አልኩ፤ ከውስጥ ያለ ሰው በአንድ እጁ ይከፍተዋል፤ ከውጭ ግን አይከፈትም። የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ እጃቸውን አወጡና ልጆቹ እየከፈቱ ይተዉታል፣ ፍየል ገብቶ የተከልነውን ጽድ ይጨርሰዋል አሉ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። ፍየሉ ይግባ፣ ጽዱን እኔ እንደገና እተክላለሁ አልኩ። ሳቁ፤ በሐሳቡ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማምሻውን ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን «የኋላው በር ጉዳይ ከጥምቀት በኋላ ይታሰብበት» ይላል። ነገ ጠዋት ዘበኛውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ቁልፉን እስከ ጥምቀት ማግስት ድረስ እንዲያውሱኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ ቡና ይዤ።